በባሕር ላይ መንገድን ስለ ማወቅ፤ ከባለ ገመዱ ሰሌዳ እስከ ኮምፒዩተር

በየብስ የሚጓዝ ሰው መንገድ ቢጠፋበት እረኛ ይጠይቃል፤ እረኛ ባያገኝም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም የመስጊድ ሚናራ፣ ያም ባይሆን አንድ የታወቀ ዋርካ አይቶ አቅጣጫውን ያቃናል። የባሕር መንገደኛ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ትናንት መርከብ ባለፈበት ውሃ ላይ ዛሬ ፈለግ አይታይም፤ በአራቱም ማዕዘን ቢመለከቱ የሚታየው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ መርከበኞች «አሁን የት ነን?» የሚለውን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ለሰማይ ሲያቀርቡ ኖረው፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ ለመሣሪያ ማቅረብ ጀመሩ።

እኛም በዚህ የትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የምንጽፈው ስለዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። ይልቁንም ዛሬ ከቤተሰቡ ወይም ከሁለትና ሦስት ወዳጆቹ ጋር በአንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ለማቋረጥ የሚነሣ ሰው «መንገዴን ለየትኛው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አደራ ልስጥ?» ብሎ ሲያስብ የሚገጥመውን ችግር ከሥሩ ለመመርመር እንሻለን። ይህ የነጋዴ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጥያቄው በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ተመልሶ የመጣ፣ በየጊዜውም መልሱ የሰው ሕይወት ያስከፈለ ስለ ሆነ በታሪክ ተማሪዎች ቢጻፍ ነውር የለውም ብለናል። አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት ብትሆንም፣ ወጣቶቿ በባሕር ዳር እየሠለጠኑ በውጭ አገር መርከቦች ላይ በመኰንንነት እንደሚሠሩም የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድን ቦታ በካርታ ላይ ለመወሰን ሁለት ቍጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ከሁለቱ ኬክሮስ፣ ማለት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት፣ ያን ያህል አያስቸግርም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ምን ያህል ከፍ ብላ እንደምትታይ የለካ ሰው ኬክሮሱን ዐወቀ ማለት ነው። በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር የሚመላለሱት የዐረብ መርከበኞች ለዚህ ሥራ «ካማል» የሚባል መሣሪያ ነበራቸው። ካማል ትንሽ አራት ማዕዘን የእንጨት ሰሌዳ ሲሆን ከመካከሉ ቋጠሮ ያለው ገመድ ወጥቶበታል። መርከበኛው ገመዱን በጥርሱ ይዞ፣ ሰሌዳውን ወደ ፊቱ ዘርግቶ፣ የታችኛውን ጠርዝ ከአድማስ የላይኛውን ከኮከቢቱ ጋር ያጋጥማል፤ በጥርሱ የያዘው ቋጠሮ የሚሄድበትን ወደብ ኬክሮስ ይነግረዋል። በዐሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የባሕር መሪ አሕመድ ኢብን ማጅድ ይህን የመሰለውን ጥበብ በመጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል። ዋጋው ከቁራጭ እንጨትና ከገመድ አይበልጥም፤ ማደሻም ነዳጅም አይጠይቅም።

ኬንትሮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ምድር በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ስለዚህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ ደግሞ አንድ ዲግሪ ትሄዳለች። ከዚህም የተነሣ አንድ መርከበኛ ያለበትን ቦታ ሰዓትና የተነሣበትን ወደብ ሰዓት በአንድ ጊዜ ቢያውቅ፣ ልዩነቱን ወደ ዲግሪ ለውጦ ኬንትሮሱን ያገኛል። ያለበትን ቦታ ሰዓት ፀሐይ ትነግረዋለች። የወደቡን ሰዓት ማን ይንገረው? በዚያ ዘመን የነበሩት ባለ ፔንዱለም ሰዓቶች በመርከብ መናወጥ ይቆሙ ነበር። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፤ ሰዓቱ በአንዲት ደቂቃ ቢሳሳት በምድር ወገብ ላይ የ15 የባሕር ማይል ስሕተት ይሆናል፤ ይህም ወደ 28 ኪሎ ሜትር ነው።

በኦክቶበር ወር 1707 በአድሚራል ክላውድስሊ ሾቬል የሚመራ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጓድ ከጂብራልታር ወደ አገሩ ሲመለስ ያለበትን ቦታ ስቶ በሌሊት ከሲሊ ደሴቶች ዓለት ጋር ተጋጨ። አራት መርከቦች ሰጠሙ፤ አድሚራሉን ጨምሮ ከ1,400 እስከ 2,000 የሚገመቱ ሰዎች አለቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በባሕር ላይ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ላገኘ ሰው 20,000 ፓውንድ እንዲሰጠው ሕግ አወጣ። ይህ በጊዜው እጅግ ብዙ ሀብት ነበር።

ለሽልማቱ ከተነሡት ብዙ ሰዎች መካከል፣ ከእብዶቹና ከቀልደኞቹ በቀር፣ ሁለት ወገኖች ብቻ ተረፉ። አንደኛው ወገን «የጠፋውን ሰዓት ጨረቃ ትንገረን» አለ። ጨረቃ በከዋክብት መካከል እየተንቀሳቀሰች ስለምትሄድ የሰማይ ሰዓት ቈጣሪ ናት፤ ከአንድ ኮከብ ምን ያህል እንደራቀች ለክቶ አስቀድሞ ከተሠራ ሠንጠረዥ ጋር ያመሳከረ ሰው የግሪኒችን ሰዓት ያገኛል። ጀርመናዊው ቶቢያስ ማየር የጨረቃን ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ እርሱ ከሞተ በኋላም ለሚስቱ 3,000 ፓውንድ ተሰጣት። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሱም ጆን ሃሪሰን ነው። የአናጢ ልጅ፣ ራሱም አናጢ፣ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ያልገባ የዮርክሺር ሰው ነበር፤ በባሕር ላይ የማይሳሳት ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ዕድሜውን በሙሉ ሰጠ። በ1735 ያቀረበው የመጀመሪያ ሰዓት ሠላሳ አራት ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። በ1759 የጨረሰው አራተኛው ግን በእጅ የሚያዝ፣ ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰዓት ነበር። በ1761 ልጁ ዊልያም ይዞት ወደ ጃማይካ በሄደ ጊዜ በ81 ቀን ውስጥ የተሳሳተው አምስት ሴኮንድ ብቻ ሆነ።

ሽልማቱ ግን ወዲያው አልተሰጠውም። ቦርዱ አንድ ጊዜ በዕድል ሊሆን ይችላል ብሎ በ1764 ወደ ባርባዶስ ሁለተኛ ፈተና አዘዘ፤ ቀጥሎም የሥራውን ምስጢር እንዲገልጥና ሌላ ሰው ሊሠራው መቻሉን እንዲያስረዳ ጠየቀው። ቀሪው ገንዘብ በ1773 በንጉሡ ርዳታ ከፓርላማ ሲፈቀድለት ሃሪሰን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች የጨረቃውን ዘዴ የደገፈውን የግሪኒችን የከዋክብት ተመራማሪ ኔቪል ማስክሊንን እንደ ክፉ ሰው አድርገው ያቀርቡታል። እኛ በዚህ አንስማማም። የሃሪሰን ሰዓት አንድ ብቻ ነበር፤ ቅጂውንም ላርከም ኬንዳል የተባለው ሰዓት ሠሪ ሲሠራው ወደ 500 ፓውንድ ፈጀ። ለመቶዎቹ መርከቦች ይህን ማን ይገዛላቸዋል? የጨረቃው መንገድ ግን አንድ ማዕዘን መለኪያና አንድ መጽሐፍ ብቻ ይበቃው ነበር። ጉድለቱም ስሌቱ ነው፤ ለአንዲት ልክ እስከ አራት ሰዓት ያስቈጥር ነበር።

ማስክሊን ይህን ስሌት ለማቃለል «ናውቲካል አልማናክ» የተባለውን መጽሐፍ ከ1767 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ እንዲወጣ አደረገ። በውስጡ ለዓመቱ ቀን ሁሉ የጨረቃ ርቀት በየሦስት ሰዓቱ ተሰልቶ ስለ ተቀመጠ የመርከበኛው ሥራ ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። እነዚያን ቍጥሮች በየቤታቸው ቁጭ ብለው በብዕር የሚያሰሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ስም «ኮምፒዩተር» ነበር! እንግዲህ መርከብን በኮምፒዩተር መምራት የተጀመረው ሰዎች እንደሚያስቡት በእኛ ዘመን አይደለም። ከነዚህ ኮምፒዩተሮች አንዷ በሉድሎ ከተማ የምትኖር ሜሪ ኤድዋርድስ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን በዚሁ ሥራ አሳደገች። ደንቡም እንዲህ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ያንኑ ወር ለየብቻ ያሰላሉ፣ ሦስተኛው ሰው ሁለቱን ሥራ ያመሳክራል። ሁለቱ በአንድ ቦታ የተለያዩ እንደ ሆነ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት አስሊዎች ድካሙን ለማቃለል እርስ በርሳቸው ሲገለባበጡ ተገኙ። ስሕተታቸው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ አመሳካሪው ነቃባቸውና ከሥራ ተባረሩ። ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም፤ የተለየው ነገር በዚያ ጊዜ የተገለበጠው ስሕተት የሚገኘው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በመርከብ ፊት ባለው ዓለት ላይ መሆኑ ነው። ይህን ደንብ አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ዘመን ይኸው የመለካት ጥበብ እስከ አገራችን ደርሶ እንደ ነበር ማስታወስ ደስ ይላል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ ትልቅ የማዕዘን መለኪያ በሰው ሸክም ዳገቱን አስወጥቶ ነበር፤ በኖቬምበር ወር 1770 ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜም የምንጩን ኬክሮስ ለካ።

በመጨረሻ ያሸነፈው ሰዓቱ ነው። ካፒቴን ጀምስ ኩክ ከ1772 እስከ 1775 ባደረገው ሁለተኛ ጉዞው የኬንዳልን ቅጂ ይዞ ሄዶ በእጅጉ አመሰገነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሰዓት ዋጋ እየወረደ ሲሄድ ጨረቃን የሚለኩ መርከበኞች እያነሱ ሄዱ።

አሁን ወደ ትናንሾቹ ጀልባዎች እንምጣ። ብቻውን በባለ ሸራ ጀልባ ዓለምን የዞረው የመጀመሪያው ሰው ጆሹዋ ስሎከም ነው። «ስፕሬይ» በምትባል ርዝመቷ 11 ሜትር ብቻ በሆነች ጀልባ በኤፕሪል ወር 1895 ከቦስተን ተነሥቶ በጁን ወር 1898 ተመለሰ። ስሎከም ጥሩ የባሕር ሰዓት ነበረው፤ ግን ማሳደሻው 15 ዶላር ስለ ተጠየቀበት ትቶት ሄደ። በምትኩ መስተዋቱ የተሰበረ ተራ የቆርቆሮ ሰዓት በአንድ ዶላር ገዛ። ይህ ሰው ስስታም ወይም ቸልተኛ አልነበረም፤ የመረጠው የሚያውቀውን ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ብዙ ቀን ከተጓዘ በኋላ የማርኬሳስ ደሴቶች ሲታዩት በአሮጌው የጨረቃ ዘዴ ቦታውን አሰላ፤ የመጀመሪያው ውጤት ከግምቱ እጅግ የራቀ ሆነበት። ሰሌቱን ደግሞ ደጋግሞ ቢመረምር ስሕተቱ ከእርሱ ሳይሆን ከታተመው ሠንጠረዥ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የታተመ ቍጥር ሁሉ እውነት አለመሆኑን ያወቀው ሌላ የሚያመሳክርበት ግምት ስለ ነበረው ነው። የወረቀት ካርታም ቢሆን እንከን እንደማያጣው ከዚሁ ሰው እንማራለን፤ በቅድስት ሄሌና ደሴት የተሰጠው ፍየል የምዕራብ ሕንድ ደሴቶችን ካርታ በልቶበታልና!

በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሩስያ ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ሰደደች። በአሜሪካን የጆንስ ሆፕኪንስ የምርምር ክፍል የሚሠሩ ሁለት ወጣት ሊቃውንት የሳተላይቱን ድምፅ ሲያዳምጡ፣ ሲቀርብ ሲቀጥን ሲርቅ ሲወፍር ከሚሰማው ለውጥ በመነሣት የሳተላይቱን መንገድ አሰሉ። አለቃቸው ነገሩን ገለበጠው፤ «ከምድር ሆነን የሳተላይቱን ቦታ ካወቅን፣ ከሳተላይቱ ደግሞ የራሳችንን ቦታ ማወቅ እንችላለን» አለ። ከዚህ አሳብ ትራንዚት የሚባለው ሥርዓት ተወልዶ በ1964 ለጦር መርከቦች አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ከዚያ ጂ ፒ ኤስ ተከተለ፤ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ተላከ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 የኮርያ መንገደኞች አይሮፕላን መንገዱን ስቶ ወደ ሶቪየት ክልል በመግባቱ ተመትቶ 269 ሰዎች ሲያልቁ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቁ። በ1995 ሥርዓቱ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ በሜይ ወር 2000 ደግሞ ለሲቪሎች ሆን ተብሎ ይጨመርበት የነበረው ስሕተት ስለ ተነሣ፣ ወደ መቶ ሜትር ይደርስ የነበረው ጥርጣሬ ወደ ዐሥርና ሃያ ሜትር ወረደ።

የሚያስደንቀው ነገር የጂ ፒ ኤስ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት ተሸክሟል፤ ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ቢሳሳት የሦስት መቶ ሜትር ስሕተት ይመጣል። ደግሞም ሳተላይቶቹ ሁሉ የት የት እንዳሉ የሚገልጽ ሠንጠረዥ አብሮ ይተላለፋል፤ የዚህም ሠንጠረዥ ስም እስከ ዛሬ «አልማናክ» ነው። በሕይወት ሳሉ ያልተስማሙት ሃሪሰንና ማስክሊን በሰማይ ላይ ታረቁ ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ «የት ነን?» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ በቦታው ቆመ፤ «ዓለቱስ የት ነው?» ሳተላይት የጀልባይቱን ቦታ ይናገራል እንጂ የባሕሩን ወለል አያይም። ያን የሚናገረው ካርታው ነው፤ ካርታውም የተሠራው ምናልባት በአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን ይሆናል። ለምሳሌ ቀይ ባሕርን በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የለኩት ካፒቴን ሞርዝቢና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሥራውም የተደረገው ከ1829 እስከ 1834፣ በገመድ ጫፍ እርሳስ አስረው ወደ ውሃ በመጣል ነበር። በሰላማዊ ውቅያኖስ ብዙ ደሴቶች በአሮጌ ካርታ ላይ ከእውነተኛ ቦታቸው ፈቀቅ ብለው ይገኛሉ፤ የጥንቱ ለኪ ኬንትሮሱን ያገኘው በጨረቃ ወይም በሰዓት ነበርና። ይህ ካርታ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ስሕተቱም አብሮ ይገባል። በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀጭንና ቆንጆ ስለ ሆነ ብቻ እውነት አይሆንም።

ወደ ኮምፒዩተር የሚገባውም በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የወረቀቱን ካርታ እንዳለ ፎቶግራፍ እንደ ማንሣት ያለ ሥዕል ነው፤ በባለሙያዎች ዘንድ ራስተር ይባላል። ሥዕሉ ቢቀርብም ቢርቅም ያው ሥዕል ነው፤ ካርታ ሠሪው የጻፈው ሁሉ በላዩ አለ። ሁለተኛው ቬክተር የሚባለው ሲሆን፣ እርሱ ሥዕል ሳይሆን መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ዓለት፣ መብራትና ጥልቀት በየስሙ ተመዝግቦ፣ ፕሮግራሙ ለተመልካቹ የሚበጀውን ያህል መርጦ በስክሪኑ ላይ ይስላል። ሰፊ ባሕር በአንድ ጊዜ ለማየት የሚሻ ሰው ሲያርቀው ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ትናንሹን ነገር ይደብቃል፤ ሲያቀርበው ያወጣል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። አደጋውም ያለው ከዚሁ ላይ ነው።

በኖቬምበር 29 ቀን 2014 ሌሊት የሆነውን እንይ። ዓለምን በሚዞረው የቮልቮ ውቅያኖስ ውድድር ላይ የነበረች «ቲም ቬስታስ ዊንድ» የምትባል ባለ ሸራ ጀልባ ከኬፕ ታውን ወደ አቡ ዳቢ ስትሄድ፣ ከሞሪሸስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ካርጋዶስ ካራጆስ በሚባለው የኮራል ዓለት ላይ በ19 ኖት ፍጥነት ወጣች። ዘጠኙም ሰዎች ልምድ ያላቸው ነበሩ፤ ጂ ፒ ኤሱም አልተበላሸም፤ ጀልባይቱ የት እንዳለች በሚገባ ያውቁ ነበር። ያላወቁት ዓለቱ እዚያ መኖሩን ነው። ከጉዞው በፊት በማዕበል ምክንያት የውድድሩ ክልል ስለ ተለወጠ መንገዱን ለመመርመር የነበራቸው ጊዜ አነስተኛ ነበር፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። በስክሪኑ ላይ ካርታውን አርቀው ሲመለከቱት በዚያ ስፍራ የታያቸው ጥልቀት 40 ሜትር የሚል ነበር። አቅርበው ቢያዩት ኖሮ ዓለቱና ደሴቶቹ ከነስማቸው ይወጡ ነበር። ሰዎቹ ሌሊቱን በተሰበረችው ጀልባ ላይ ሲጠባበቁ፣ ከተወዳዳሪዎቻቸው አንዷ ጀልባ ውድድሯን አቁማ አጠገባቸው አደረች፤ በእግዚአብሔር ቸርነት አንድም ሰው አልሞተም። በ2015 የወጣው የገለልተኞች መርማሪዎች ሪፖርት ሁለቱንም ወቀሰ፤ ሰዎቹን ካርታውን አጥርተው ባለመመርመራቸው፣ የኤሌክትሮኒክ ካርታዎቹን ደግሞ አደጋን በሚያሳዩበት ሁኔታ።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ለጀልባው ፕሮግራም ሲመርጥ ምን ይጠይቅ? ብዙ ሰዎች የሚጠይቁት ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ነው። እኛ ከላይ ካየነው ታሪክ ተነሥተን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስታርቅ ምን ትደብቅብኛለህ?» የሚለው መሆን አለበት እንላለን። ፕሮግራሙን የሚሞክር ሰው የሚያውቀውን አንድ ዓለት ፈልጎ፣ ካርታውን ደረጃ በደረጃ እያራቀ ዓለቱ በስንተኛው ላይ እንደሚጠፋ በዓይኑ ይይ። ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በሻጩ ማስታወቂያ ላይ ግን ተጽፎ አይገኝም።

ሁለተኛው ስለ ካርታው ባለቤትነት ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ካርታውን በቍልፍ ዘግተው ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ይሸጡታል። ያ ኮምፒዩተር በጨው ውሃ የተበላሸ እንደ ሆነ ቍልፉን ወደ ሌላ ለማዛወር ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በውቅያኖስ መካከል ደግሞ ኢንተርኔት ያለው ሁሉም አይደለም። በአንጻሩ ኦፕን ሲ ፒ ኤን የሚባለው ፕሮግራም በበጎ ፈቃደኞች ተሠርቶ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ በብዙ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ የአሠራሩን ምስጢርም ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል። የአሜሪካን መንግሥት የራሱን ጠረፍ ኤሌክትሮኒክ ካርታዎች በነፃ ስለሚሰጥ በዚያ አካባቢ የሚጓዝ ሰው ያለ ገንዘብ ሙሉ መሣሪያ ሊያገኝ ይችላል። ይኸው መንግሥት ግን የጥንቱን የወረቀት ካርታ ከ2019 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማቆም ጀምሮ በ2025 መጀመሪያ ላይ ጨርሷል፤ ስለዚህ ምርጫው እንደ ቀድሞው በወረቀትና በስክሪን መካከል መሆኑ እየቀረ ነው።

ሦስተኛው የመብራት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህራችን ያስተማሩን ይጠቅመናል። 50 ዋት የሚፈጅ ላፕቶፕ በጀልባ ላይ ካለው የ12 ቮልት ባትሪ ከአራት አምፔር በላይ ይስባል፤ በሃያ አራት ሰዓት ወደ መቶ አምፔር ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ይህም አንድን ትልቅ ባትሪ ባዶ ያስቀራል። 10 ዋት የሚበቃው ታብሌት ግን የዚያን አንድ አምስተኛ ብቻ ይወስዳል። ሆኖም ታብሌት በፀሐይ ላይ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ ጣትም ስክሪኑም በረጠበ ጊዜ አልታዘዝም ይላል። ማዕበል በተነሣ ሌሊት የሚያስፈልገው ነገር ውበት ሳይሆን መታዘዝ ነው።

ስለ ነፋስ ትንቢትም ብዙ ይነገራል። ፕሮግራሞቹ የነፋሱን ትንበያ ከጀልባይቱ የፍጥነት ሠንጠረዥ ጋር አዋሕደው የሚሻለውን መንገድ ያሰላሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትንበያው ከጥቂት ቀን በላይ ሲሄድ እየላላ ስለሚመጣ ባለሙያዎች በየቀኑ ያድሱታል። በአካባቢው ያሉትን መርከቦች ስምና አቅጣጫ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መሣሪያም አለ፤ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሁሉ ግን ይህን አይዝም፤ ስለዚህ ዓይን ከሥራ አይሰናበትም።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ እኛን ምረጡ ቢሉን አንድ ፕሮግራም አንመርጥም፤ ሁለት እንመርጣለን። ሁለቱም በየራሳቸው መሣሪያ ላይ ይሁኑ፤ ካርታቸውም ከተለያዩ ካርታ ሠሪዎች የመጣ ይሁን። አንዱ በቬክተር ቢሆን ሌላው በራስተር ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱም ከዚህ ቀደም አንባቢው በልቡ እንዲይዘው የለመንነው የማስክሊን ደንብ ነው፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አስልተው ሲለያዩ ስሕተቱ ይታወቃል። ከአንድ ምንጭ የቀዱ ሁለት ካርታዎች ግን እንደ እነዚያ ተገለባባጭ አስሊዎች ናቸው፤ መስማማታቸው ምንም አያስረዳም። አንድ ወዳጃችን ይህ ወጪ ያበዛል ብሎ ተከራክሮናል። አንደኛው ፕሮግራም ነፃ ከሆነ ግን ወጪው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ይህም ለጀልባይቱ አዲስ ሸራ ከሚወጣው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጂ ፒ ኤስ ራሱም ዛሬ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በጦርነት አካባቢ የሚላክ የማወኪያ ምልክት መርከብን ከቦታዋ ርቃ እንድትታይ ያደርጋል። በሜይ ወር 2025 አንድ ትልቅ የዕቃ መርከብ በቀይ ባሕር ጅዳ አጠገብ መሬት ይዛ ስትቆም፣ የመርከቦችን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ድርጅቶች ምክንያቱ ይኸው ማወክ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። የአሜሪካን የባሕር ኃይል አካዳሚም አንድ ጊዜ ትቶት የነበረውን በከዋክብት መንገድ የማወቅ ትምህርት በ2015 እንደ ገና ጀምሯል። ማስክሊን የጀመረው ናውቲካል አልማናክም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታተማል፤ ስሌቱን የሚሠራው ግን ሌላው ዓይነት ኮምፒዩተር ነው። ውቅያኖስ በሚያቋርጡ ብዙ ጀልባዎች ላይ መጽሐፉ ከሴክስታንቱ ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ስክሪኑ ካለበት ጠረጴዛ በላይ ተቀምጦ ይገኛል።